ደብረ ብርሃን ላይ ዘንባባ? የጓሮ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ዕትም ጓሮዬ ስላለችው ዘንባባ ሦስት መስመር ብጽፍ ደብዳቤው ጎረፈልኝ። ግማሹ «ዘር ካለሽ ላኪልኝ» ይላል። ዘር እርስ በርስ የምንለዋወጥ ነንና ግማሹ «ዘር ተቀብዬ ነበር፣ አልበቀለም» ነው። ስለዚህ የዛሬው አምድ ከዳር እስከ ዳር የዘንባባ ሆነ። ስለ ድንችና ስለ ጎመን የጠየቃችሁኝ ለሚቀጥለው ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጠባሴ ነው የምኖረው። አምና ግንቦት ላይ አዲስ አበባ መንገድ ዳር ካለ ችግኝ ሻጭ ወገቤ ድረስ የምትደርስ ዘንባባ ገዝቼ፣ በፒካፕ ጭኜ አምጥቼ በር ላይ ተከልኳት። ክረምቱን አምሮባት ነበር። ኅዳር ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቅጠሏ ቡኒ ሆነ። ጥር ላይ የመሐሏን ቅጠል ሳብ ባደርገው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፣ ሥሩ ይሸታል። ለመሆኑ እኛ አገር ዘንባባ ይሆናል? ወይስ ዝም ብዬ ገንዘቤን እየደፋሁ ነው?

መልስ፦ ይሆናል፣ ወንድሜ። የሞተችብህ ዘንባባ ስለሆነች ሳይሆን የቆላዋን ዘንባባ ስለገዛህ ይመስለኛል። በዓለም ላይ 2,500 ገደማ የዘንባባ ዝርያ አለ፣ አብዛኛው ውርጭ አይቶ አያውቅም። እኛ ደግሞ 2,800 ሜትር ላይ ነን። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ካለ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ቀን ደግሞ ያው ፀሐይ ይለበልባል። ይህን የሚችሉት ጥቂት ናቸው።

እኔ መጀመሪያ የምመክርህ ትራኪካርፐስ የሚባለውን ነው። አገሩ ቻይና ነው፣ ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ግንዱ ጭገር ለብሶ የቆመ። ጎልምሶ ሥር ከሰደደ ከዜሮ በታች እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ለማደግ ብዙ ሙቀት አለመፈለጉን ነው። እንግሊዝ አገር በዚያ ቀዝቃዛ በጋቸው ያድጋል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ከእሱ የበለጠ ብርድ የሚችሉ የሰሜን አሜሪካ ዝርያዎች አሉ፣ ግን ብዙዎቹ ለማደግ ረጅም ሞቃት ወራት ይፈልጋሉ። እኛ ጋ ባይሞቱም እንደቆሙ ይቀራሉ።

ከዚያ ካሜሮፕስ አለ፣ የሜድትራኒያን አካባቢ ድንክ ዘንባባ፣ ከዜሮ በታች 8 ገደማ። አዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ ግንዱ ወፍራም ሆኖ የምታየው የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ ከዜሮ በታች 5 ወይም 6 ድረስ ይታገላል። ቅጠሉ ሊቃጠል ይችላል፣ ልቡ ግን ይተርፋል። የእኛው የአገራችን ዘንባባ፣ ለሆሳዕና የምናስረው፣ 2 እና 3 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲደርስ ቅጠሉ ይጎዳል። ሻጩን ስሟን ሳትጠይቅ እንዳትገዛ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ይህ ሁሉ ቁጥር ለጎለመሰ ዛፍ ነው። የሁለት ዓመት ችግኝ የዚያን ግማሽ እንኳ ይችላል ብለህ አትመካ። በልጅነቷ እንደ ሕፃን ነው የምትያዘው።

ደግሞ ተስፋ እንዳትቆርጥ ይህን ልንገርህ። የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ 2,850 ሜትር ላይ ናት፣ ከደብረ ብርሃን ጋር ትከሻ ለትከሻ። መናፈሻዎቿ ላይ ፓራጁቤያ የሚባል ኮኮናት የመሰለ ዘንባባ ይተከላል። የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ቦሊቪያ ውስጥ 3,400 ሜትር ድረስ ይበቅላል። ውርጩ ቀለል ባለበት ግቢ መንዝም ላይ ይሞከራል ባይ ነኝ። ዘሩ ከተገኘ እኔ ተራ እይዛለሁ።

ጥያቄ፦ ሸኖ ነኝ። አንድ ጓደኛችን የካናሪ ዘንባባ ዘር ሠላሳ ፍሬ በክብሪት ቀፎ አድርጎ ሰጠኝ። እኔም በምላሹ የአበባ ዘር ሰጠሁት። አፈር ውስጥ ቀበርኩት፣ በየቀኑ ውሃ አጠጣሁት። አምስት ወር ሆነው፣ አንድም የለም። ተሸውጄ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽን አትቀየሚው፣ ጥፋቱ ከሁለታችሁም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ዘሩ በሕይወት አለ ወይ የሚለውን እንይ። ሦስቱን አውጪና በመዶሻ ወይም በጉጠት ስበሪያቸው። ውስጡ እንደ ኮኮናት ነጭና ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው፣ ቆይቷል እንጂ አልሞተም። ቡኒ ከሆነ፣ ባዶ ከሆነ፣ ከሸተተ ልፋትሽን አቁሚ። ብዙ ሰው ዘሩን ውሃ ላይ ጥሎ «የተንሳፈፈው ሞቷል» ይላል። እኔ ተንሳፋፊ አብቅዬ ስለማውቅ በዚያ ብቻ አልፈርድም።

የዘንባባ ዘር እንደ ጤፍ ጎተራ ከርሞ የሚነሳ አይደለም። የካናሪው ትንሽ ይታገሣል፣ የትራኪካርፐስ ዘር ግን ደርቆ ከከረመ ብዙው ይሞታል። ስለዚህ ስትለዋወጡ የክብሪት ቀፎ ይቅር። በትንሹ በረጠበ ሰጋቱራ ጠቅልሎ፣ በላስቲክ አድርጎ መስጠት ነው።

አሁን እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ፍሬው እጄ ሲገባ ሥጋውን ልጬ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እስኪጠራ እፈገፍገዋለሁ። ሥጋው ሻጋታ ይጠራል፣ ዘሩንም እንዳይበቅል ይይዘዋል። ከዚያ ሁለት ቀን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ውሃው ጠዋትና ማታ ይቀየራል። ሰጋቱራውን (የተቀባ እንጨት ሰጋቱራ እንዳይሆን) በፈላ ውሃ አጥቤ አቀዘቅዝና እጨምቀዋለሁ። ልኩ ይህ ነው፦ ስትጨብጪው እጅሽን ያረጥባል እንጂ አይንጠባጠብም። ዘሩን ከእሱ ጋር ዚፕ ባለው ላስቲክ ከትቼ፣ ላዩ ላይ ቀኑን ጽፌ አስቀምጣለሁ። ከዚያ በኋላ ውሃ የለም። በየቀኑ ማጠጣትሽ ነው የገደለው ብል አልሳሳትም፣ ዘር ታፍኖ ይበሰብሳል።

ሙቀቱ ላይ ነው እኛ ደገኞች የምንሸነፈው። ትራኪካርፐስ 20 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። የካናሪው ግን 25 እና 30 ይወዳል፣ የእኔ ሳሎን ደግሞ በጥር ወር 15 ካገኘ ጥሩ ነው። ፍሪጅ ላይ አስቀመጥኩ፣ አልበቃውም። በኋላ የዲሽ ሪሲቨሩ ላይ ጨርቅ አጥፌ አስቀመጥኩት፣ ያ ሠራ። ቴርሞሜትር አድርጌ ነው ያየሁት። ምጣድ ዳር እንዳታስቀምጪ፣ እንጀራ ሲጋገር ዘሩ አብሮ ይቀቀላል።

የሚፈጀው ጊዜ እንደ ዝርያው ይለያያል። ዋሽንግቶኒያ የሚባለው ዘንባባ በሁለት በሦስት ሳምንት ብቅ ይላል። ትራኪካርፐስ ከአንድ እስከ ሦስት ወር፣ ካናሪም እንዲሁ ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል። ቡቲያ የሚባለው የብራዚልና የኡራጓይ ዘንባባ ግን ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። ቡቲያ የተቀበላችሁ ላስቲኩን እንዳትጥሉት!

ሲበቅል ደግሞ እንዳትደነግጪ። የካናሪው ዘር ቡቃያውን እዚያው አያወጣም። መጀመሪያ ነጭ ገመድ የመሰለ ነገር ይወጣና ቁልቁል ይወርዳል፣ ቡቃያው የሚወጣው ከዚያ ገመድ ጫፍ ነው፣ ከዘሩ ራቅ ብሎ። ስለዚህ ጠለቅ ያለ ዕቃ ይፈልጋል። እኔ የሁለት ሊትር ሃይላንድ አናቱን ቆርጬ፣ ታቹን በጋለ ሚስማር በስቼ እጠቀማለሁ። የመጀመሪያዋ ቅጠል አንዲት ቀጭን የሣር ቅጠል ናት። ዘንባባ ዘንባባ የሚያስብለው የተሰነጣጠቀ ቅጠል በኋላ ነው የሚመጣው። አንዴ ጎረቤቴ ልታግዘኝ ብላ ሰርዶ መስሏት አምስቱን ነቅላብኛለች። ከዚያ ወዲህ በየሃይላንዱ ላይ ስም እጽፋለሁ።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ መምህር ነኝ። «የቻይና ዘንባባ» ተብሎ የተላከልኝ ዘር ስከፍተው የተምር ፍሬ ይመስላል፣ መሐሉ ላይ ረጅም ቦይ አለው። ይሄ ትክክል ነው?

መልስ፦ መምህር፣ አይደለም። የትራኪካርፐስ ዘር ኩላሊት ወይም የቡና ፍሬ ነው የሚመስለው፣ ትንሽ ነው፣ አንድ ጎኑ ገባ ያለ። እርስዎ ጋ የመጣው ረዘም ብሎ ቦይ ካለው ከተምር ወገን ነው፣ ካናሪ ወይም የአገራችን ዘንባባ ወይም ራሱ ተምር። ካናሪ ከሆነ አጠር ያለ ወፍራም ዘር ነው፣ ተምር ከሆነ ረዘም ይላል። የሁለቱ ድብልቅ ሆኖ ሊገኝም ይችላል። የተምር ወገኖች አጠገብ ለአጠገብ ከተተከሉ በቀላሉ ይዳቀላሉ፣ ወንዱና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ስለሆነ አባቱን ማወቅ አይቻልም። አዲስ አበባ ከመንገድ ዳር ዛፍ ሥር የለቀማችሁት ዘር እናቱን እንጂ አባቱን አታውቁም። ይህን ለሚቀበላችሁ ሰው ንገሩት።

ይህ ነገር የሚያንገበግበኝ እኔም ላይ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ዘር ነጋዴ ትራኪካርፐስ ብሎ ሃያ ፍሬ ሸጠልኝ። ዘሩ ክብና ለስላሳ ነበር፣ የዚያን ጊዜ ልዩነቱን አላውቅም። በሦስት ሳምንት ሲበቅል ደስ አለኝ። ሁለት ዓመት አሳደግኳቸው። ቅጠሎቹ ማራገቢያ ሲሆኑ በየጣቱ መሐል ነጭ ክር ተንጠለጠለ፣ የቅጠሉ እጀታ እሾህ አወጣ። ዋሽንግቶኒያ ነበር። ዛፉ ውብ ነው፣ ቢሾፍቱ ቢተከል ያምርበታል፣ ለደብረ ብርሃን ውርጭ ግን ችግኙ አይሆንም። በአንድ የታኅሣሥ ሌሊት ከአስራ አራቱ አስራ አንዱ ሄዱ። ገንዘቡ አላስቆጨኝም፣ ሁለቱ ዓመት ነው ያስቆጨኝ።

ለዚህ ነው ፖስታው ላይ የሚጻፈውን ነገር አጥብቄ የምለምናችሁ። ዘር ስትሰጡ የምትሰጡት የሰውየውን ሦስትና አራት ዓመት ነው። ስሙን ካወቃችሁ ጻፉ። ካላወቃችሁ «ስሙን አላውቅም፣ ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ ነው» ብላችሁ ጻፉ፣ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። የተለቀመበት ወር፣ የተለቀመበት ከተማ፣ ዛፉ ብቻውን ቆሞ ወይስ ከሌላ ዘንባባ ጋር። ፎቶ ካለ ደግሞ እሰየው። የእናንተ ፖስታ ይህ ሁሉ ካለበት የኔን ምርጥ ዘር ትወስዳላችሁ፣ ቃሌ ነው።

የመጣልዎትን ግን አይጣሉት፣ መምህር። መሐል ሜዳ ከእኛም ይበርዳል፣ ውጭ አይትከሉት እንጂ በበርሜል አድርገው ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ያሳድጉት። ልጆቹ ያዩታል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ከአንኮበር ነው የምጽፍልሽ። ለሆሳዕና የምናድለው ዘንባባ በየዓመቱ ከቆላ ነው የሚመጣው፣ እየተወደደም እየራቀም ሄደ። ቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ ብንተክል ይሆናል ወይ? ስንት ዓመት ይፈጃል? ወንድና ሴት አለው ሲሉ ሰማሁ፣ የቱን ልትከል?

መልስ፦ አባቴ፣ ቡራኬዎ ይድረሰኝ። ይሆናል ብዬ አምናለሁ። አንኮበር ተዳፋት ነው፣ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። ውርጩ የሚያርፈው ሜዳና ጎድጓዳ ላይ ነው፣ ስለዚህ እርስዎ ጋ ያለው ሌሊት ከደብረ ብርሃን ሜዳ የተሻለ ነው። ቅጥሩ ውስጥ ያሉት የጽድና የወይራ ዛፎችም ይከልላሉ።

ለሆሳዕና ከሆነ የምመርጥልዎት የአገራችንን ዘንባባ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የካናሪውም የቻይናውም አንድ ግንድ፣ አንድ እምብርት ነው ያላቸው። የመሐሉ ቡቃያ ከተቆረጠ ዛፉ አለቀለት፣ ከጎን አያቆጠቁጥም። የአገራችን ዘንባባ ግን ከሥሩ ብዙ ግንድ እያወጣ በቁጥቋጦ ያድጋል፣ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይተካል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚያገኝበት በኩል ይትከሉት። ጥቂት የካናሪ ዘንባባም ቢጨምሩ ለብርዱ ዋስትና ነው። ወንድም ሴትም ቅጠሉ አንድ ነው፣ ለቅጠል ብቻ ከሆነ አይጨነቁ። ዘር ማግኘት ከፈለጉ ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ አበባ እስኪያወጡ ድረስ ደግሞ መለየት አይቻልም። ስለዚህ አምስት ስድስት ይትከሉ።

ዓመቱን በተመለከተ አላታልልዎትም። ከዘር ተነስቶ ሳይጎዳ ቅጠል የሚቆረጥበት እስኪሆን በእኛ ብርድ አሥር ዓመት ያስቡ። ከዚያም ከታች ያሉትን ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ።

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። ኮሎምቢያ ውስጥ 60 ሜትር ሊደርስ የሚችል በዓለም ረጅሙ ዘንባባ አለ፣ የሰም ዘንባባ ይሉታል፣ በ1985 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ብሔራዊ ዛፋቸው ሆኗል። ለሆሳዕና ለጋ ቅጠሉ ሲቆረጥ ሲቆረጥ ዛፉ ተጎዳ፣ ጎጆዋን በእሱ ግንድ ላይ የምትሠራ አንዲት በቀቀንም ልትጠፋ ደረሰች። ቤተ ክርስቲያኖቻቸው ምእመናኑ ሌላ ቅጠል እንዲይዙ መምከር ጀመሩ፣ በቀቀኗም እያገገመች ነው። እርስዎ አስቀድመው ለመትከል ማሰብዎ ልቤን ነክቶታል። ከእኔ ስምንት ችግኝ ለቅጥሩ ይሁንልኝ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከጣሊያን ሲመጣ የትራኪካርፐስ ዘር በሻንጣው ይዞልኝ ሊመጣ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ከውጭ የሚገባ ዘር አስቀድሞ ፈቃድ፣ ከሚመጣበት አገር ደግሞ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ሥጋው ያልተላጠ ፍሬ ውስጥ ደግሞ ምን ተባይ ተደብቆ እንደሚመጣ አይታወቅም። ወንድምሽ ወረቀቱን ጨርሶ፣ የታጠበ ዘር ይዞ ይምጣ።

ሌላም ልጨምርልሽ። በደቡብ ስዊዘርላንድ ይኸው ዛፍ ከግቢ አምልጦ ወፎች ፍሬውን እየበሉ ደኑን ሞልቶታል። እኛ ጋ ወፍ ዋሻ የሚያህል ደን አጠገባችን አለ። ሴቷ ዛፍ አበባ ስታወጣ ለዘር ከምትፈልጊው በቀር ዘለላውን ፍሬ ሳይበስል ቁረጪው።

ጥያቄ፦ ከሰላ ድንጋይ። ሁለት የትራኪካርፐስ ችግኝ አሉኝ፣ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ዘንድሮ መሬት ላይ ላወርዳቸው ነው። ውርጩን እንዴት ላሳልፋቸው?

መልስ፦ ዋናው ቦታው ነው። ብዙ ሰው የጠዋት ፀሐይ ያለበትን ይመርጣል፣ እኔ አልመርጥም። ሌሊት የቀዘቀዘ ቅጠል ማለዳ ፀሐይ ድንገት ሲያርፍበት ነው ይበልጥ የሚጎዳው። የድንጋይ ግንብ ካለህ በምዕራብ በኩሉ ትከላቸው። ከሰዓት የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይመልስላቸዋል፣ ጠዋት ደግሞ ጥላ ይሆናቸዋል።

አፈርህ ዋልካ ከሆነ ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ ሥር ይታፈናል። ጉድጓድ ቆፍረህ ከመትከል አፈሩን በአሸዋና በብስባሽ አሻሽለህ ጉብታ ላይ አድርጋቸው። የምትተክለው ሰኔ መጨረሻ ይሁን፣ ብርዱ ሳይመጣ ሥር ይያዙ።

ከጥቅምት ጀምሮ ማታ ማታ ውጣና ሰማዩን እይ። ደመና ካለ ወይም ነፋስ ካለ ገብተህ ተኛ። ኮከቡ ጥርት ብሎ፣ ቅጠል ሳይነቃነቅ ዝም ካለ፣ ያ ነው ክፉው ሌሊት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ነው የሚብሰው። እኔ አራት እንጨት ዙሪያዋን እተክልና ጆንያ ከላይ እጥላለሁ፣ ቅጠሉን እንዳይነካ ሆኖ፣ ጫፉ መሬት እስኪደርስ። ላስቲክ አይሆንም፣ የነካውን ቅጠል ያቃጥላል። ቀን ላይ ሥሯን ውሃ አጠጣለሁ፣ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይበልጥ ሙቀት ይይዛል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጆንያውን አነሳለሁ። አንድ ጠዋት ውጭ የረሳሁት ባልዲ ላይ እንደ መስታወት በረዶ ጋግሮ፣ ጆንያው ነጭ ሆኖ እንደ ሰሌን ደርቆ ቆሞ አገኘሁት። ስገልጠው ውስጥ ያለችው ቅጠል አረንጓዴ ነበረች፣ ጫፏ ላይ ጤዛ ብቻ።

ቅጠሉ ቢቃጠልብህ ቶሎ አትቁረጥ። ቡኒውም ቢሆን እምብርቱን ይሸፍናል፣ ብርዱ እስኪያልፍ ተወው። መሐሉን ቅጠል ደግሞ ላላ ካላለ አትሳበው።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነኝ። እኛ ጋ ሙቀቱ ሞልቷል፣ ዘር በላስቲክ አድርገን ጣሪያ ሥር ብናስቀምጠው ቶሎ ይበቅላል። ለደገኞቹ አብቅዬ ብልክ፣ በምላሹ እኔ የማላገኘውን ዘር ቢልኩልኝ ምን ይመስልሻል?

መልስ፦ ስጠብቀው የነበረ ደብዳቤ ነው! የካናሪውንና የቡቲያውን ዘር ለአንተ እንልካለን፣ አንተ አብቅለህ መልስልን። ግማሹ ያንተ፣ ግማሹ የላኪው ይሁን። የትራኪካርፐሱ ግን እኛው ጋ ይቅር፣ ያንተ ሙቀት ይበዛበታል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በቀጥታ እንዳታደርገው፣ እዚያ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከአልጋ ሥር ይበቃል። ነጩ ገመድ ሁለት ጣት ያህል እንደወጣ፣ ቅጠል ሳይመጣ፣ በእርጥብ ሰጋቱራ ጠቅልለህ በጠንካራ ካርቶን አድርገህ ላክልን። በጠዋቱ መኪና ይሁን፣ ሹፌሩንም «ፀሐይ የሚመታው መስታወት ሥር እንዳታስቀምጥብኝ» በለው። ጣርማበርን አልፎ እኛ ጋ ሲደርስ ብርዱ ድንገት ስለሚሆንበት፣ የሚቀበለው ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ቤት ውስጥ ያቆየው። ካርቶኑ ላይ የላኪውን ስምና የዘሩን ዝርያ መጻፍ አትርሳ። ከእኔ ዘንድ 40 የካናሪ ዘር በመጪው ቅዳሜ ይነሳል፣ ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ የተለቀመ፣ አባቱ የማይታወቅ።